«አምስት ደቂቃ ብቻ» ላላችሁኝ ሁሉ

ማታ ማታ የሰፈሬን ልጆች ሒሳብ አስጠናለሁ። የስልክ ነገር ከተነሳ ልጆቹም ወላጆቻቸውም መልስ አያጡም፤ አንዱ ሰበብ ሲወድቅ ሌላው ከኋላው ተሰልፎ ይጠብቃል። እኔም ሰበብ አላሳድርም። ሰበብ ካደረ ልማድ ይሆናል፤ ልማድ ደግሞ ውሎ አድሮ በፈተና ወረቀት ላይ ቁጥር ሆኖ ይወጣል። ዘንድሮ ደጋግመው የመጡብኝን ከነመልሳቸው እነሆ። መልሴ የሚጎረብጠው ይኖር ይሆናል፤ ይጎርብጠው። ልጅ ጎርፍ ሲወስደው እያየሁ በለሰለሰ ድምፅ አልጣራም።

«ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ አይቼ ልመለስ።»

በአምስት ደቂቃ ቡና እንኳ አይፈላም። አምስት ደቂቃ ብለህ የገባህበት ቦታ መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም፤ ሆን ተብሎ ነው እንዲያ የተሠራው። ድሮ ድረ ገጽ ጫፍ ነበረው። ታች ስትደርስ ያልቃል፤ «ቀጣይ» የሚለውን ካልነካህ አይቀጥልም። ሰው «በቃኝ» የሚለው ያቺ ቆም የሚልባት ቅጽበት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የሚባል አሜሪካዊ ባለሙያ ጫፉን የሚያጠፋ አሠራር አመጣ፤ ጣት በገፋ ቁጥር ገጹ ራሱ ይቀጥላል። ቆይቶ በሠራው ነገር መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። እንጀራ ስንበላ የትሪው ወለል ሲታይ እጃችንን እንሰበስባለን። ይኼኛው ግን ወለል የሌለው ትሪ ነው። የሠራው ሰው የተጸጸተበትን ወጥመድ አንተ በአምስት ደቂቃ ልታመልጠው አትችልም። መፍትሔው ቶሎ መውጣት ሳይሆን በጥናት ሰዓት አለመግባት ነው።

«ድምፁን አጥፍቼ፣ ገልብጬ ነው ያስቀመጥኩት።»

የተገለበጠ ስልክ የተኛ ሕፃን ነው፤ እናት ወጧን ብታማስልም ጆሮዋ አልጋው ላይ ነው። በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት ይህንኑ ፈትሸዋል። 800 ለሚጠጉ ሰዎች ሐሳብ መሰብሰብ የሚጠይቅ ሥራ ሰጡ። የሁሉም ስልክ ድምፅ ጠፍቷል። ከፊሎቹ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ ደፍተው፣ ከፊሎቹ ኪሳቸው ወይም ቦርሳቸው ውስጥ ከትተው፣ ከፊሎቹ ሌላ ክፍል ትተው ነው የተቀመጡት። ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡት ይልቅ ሌላ ክፍል የተዉት በልጠው ተገኙ። ስልኩን ላለማንሳት የምታወጣው ጉልበት ራሱ ከጥናትህ ላይ የሚቀነስ ነው።

«ሰዓት ለማየት ነው ያነሳሁት።»

እሺ፣ ስንት ሰዓት ነው? አየህ፣ ሁሉን አይተህ ሰዓቱን ሳታይ ነው የመለስከው።

«ጓደኞቼ ቶሎ ካልመለስኩላቸው ይቀየማሉ።»

ለአንድ ሰዓት ዝምታ የሚቀየም ጓደኛ በአንድ ዓመት ችግር አይደርስልሽም።

«ፓኬጁ ሌሊት ላይ ሊያልቅብኝ ነው፤ ሳልጠቀምበት ይቃጠላል።»

ፓኬጅ ቢቃጠል ነገ ሌላ ይገዛል። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ግን እንደ ፓኬጅ ጠዋት አይሞላም።

«እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ነው የማየው።»

እንቅልፉማ እምቢ ያለህ ስላየኸው ነው። ሌሊት ሰባት ሰዓት የተኛ ልጅ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል ውስጥ የሚገኘው በአካል ብቻ ነው።

«ነፃ ነው እኮ፣ ምን ያስከፍለኛል?»

ገበያ ገብተህ ዋጋ ካልተጠየቅክ የሚሸጠው አንተ ነህ ማለት ነው። ማስታወቂያ አስነጋሪው የሚከፍለው ላንተ ዓይን ነው፤ ዓይንህ በቆየ ቁጥር ክፍያው ይጨምራል። የፌስቡክ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የነበረው ሾን ፓርከር እ.ኤ.አ. በ2017 ይህንኑ በግልጽ ተናግሯል፤ ሲሠሩት ያነሱት የነበረው ጥያቄ የሰውን ጊዜና ልብ በተቻለ መጠን እንዴት እንውሰድ የሚል እንደነበር አምኗል። አንተ ነፃ ነው ትላለህ፣ ሰውየው ግን ወስደንብሃል እያለህ ነው።

«ሁለቱንም በአንዴ እችላለሁ። እያወራሁ ነው የምሠራው።»

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ይህን ያለችኝ ልጅ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ በማስተዋሏ የምትደነቅ ልጅ። ባለፈው ጥር ወር አንድ ማታ «እንግዲያውስ እንየው» አልኳት። ከጎኗ ባዶ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ስምምነታችን እጇ ወደ ስልኩ በሄደ ቁጥር እኔ አንድ ሰረዝ ላሰምር ነው። ስልኩ ከደብተሯ በስተቀኝ ነበር።

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦ እኩል እየጨመረ የሚሄድ የቁጥሮች ተርታ አለ፤ ሦስተኛው ቁጥር 11፣ ሰባተኛው 27 ከሆነ የመጀመሪያዎቹ 20 ቁጥሮች ድምር ስንት ነው? ጥሩ ጀመረች። በቁጥሮቹ መካከል ያለው ልዩነት 4 መሆኑን አገኘች፤ የመጀመሪያው ቁጥር 3 መሆኑንም አገኘች። የቀራት መደመር ብቻ ነው። ስልኩ ነዘረ። የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ «ነገ ዩኒፎርም ነው ወይስ የስፖርት ልብስ?» ትላለች። መለሰችላት። ከሱ ሥር ሌላ መልእክት ነበር፣ ከሱ አጠገብ ደግሞ አንድ ቪዲዮ። ወደ ደብተሯ ስትመለስ 4ቱን የመጀመሪያ ቁጥር፣ 3ቱን ልዩነት አድርጋ ደመረች። 650 አለች። መልሱ 820 ነው።

ቀመሩን አልረሳችም፣ ስሌቱንም አልሳተችም። የተምታታባት በመሄድና በመመለስ መካከል እጇ ላይ የነበረው ነገር ነው። ውሃ በእፍኝ ይዛ ሰላምታ ለመስጠት እጇን እንደዘረጋች ሰው ሆነባት። ሰዓቱ ሲያልቅ 17 ሰረዝ አስምሬ ነበር። በትክክል የተሠራው ጥያቄ ሁለት ነው።

በማግስቱ ማታ ስልኩን እናቷ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ወንበሩ ያው፣ እስክሪብቶው ያው፣ ምዕራፉ ያው፣ ሰዓቱም ያው አንድ ሰዓት ነው። ሰባት ጥያቄ ሠራች። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጌ ሰጠኋት። ረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየቻቸውና «ጋሼ፣ እኔ እኮ ደደብ የሆንኩ መስሎኝ ነበር» አለችኝ።

ይህን ቃል ከሰማሁ ወዲህ ነው በዚህ ጉዳይ መታገሥ ያቃተኝ። ስልኩ ከልጅቷ የወሰደው ሰዓቷን ብቻ አይደለም፤ በራሷ ላይ የነበራትንም እምነት ነው። አእምሮዋን በአንድ ሌሊት አልለወጥንላትም። ያነሳነው ስልኩን ብቻ ነው።

«ስልኬ ላይ እኮ የምማርበትም አለ። ቴሌግራም ላይ ስንት ፒዲኤፍ እንዳለኝ ቢያዩ!»

«አሳየኝ» አልኩት፤ ከፍቶ አሳየኝ። ዐሥራ አንድ ቻናል፣ ከሦስት መቶ የሚበልጥ ፋይል፤ የየክልሉ ሞዴል ፈተና፣ ዎርክሺት፣ አጋዥ መጽሐፍ። «ካነበብካቸው ውስጥ አንዱን ክፈትልኝ» አልኩት። ጣቱ ወደ ላይ ወደ ታች ሲል ቆየና አንገቱን ደፋ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ማውረድ ማንበብ አይደለም። ስልኩ ሞልቶ ቦታ የለኝም ሲል ባለቤቱ ገና ባዶ ነው።

ስልክ በትምህርት ላይ የዋለውን ውለታ አልክድም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመ መጽሐፍ ያልደረሰው ብዙ ተማሪ ያነበበው በስልክ ነው። ክፍሉ ፊዚክስ አስተማሪ ያላገኘ ልጅ በዩቲዩብ ሲማር አይቻለሁ፣ አከብረዋለሁም። እሱ ግን አንድ ትምህርት ከፍቶ፣ ማስታወሻ ጽፎ፣ ዘግቶ የሚነሳ ልጅ ነው። እንደሱ ካደረግክ ስልክህ መጽሐፍህ ነው። ምዕራፍ አንድን ከፍተህ ሠርግ ላይ ከተገኘህ ግን መጽሐፍ ይዣለሁ አትበለኝ።

«ቪዲዮውን አይቼው ገብቶኛል፤ መጻፍ አያስፈልገኝም።»

የገባው ለተናጋሪው ነው፤ ላንተ መግባቱ የሚታወቀው ዘግተህ ስትለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ለሁለት ከፈሉ። አንዱ ወገን ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው አንብቦ ከዘጋ በኋላ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግሞ ያነበበው በለጠ። ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን ዘግቶ የጻፈው በለጠ። ፈተና ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይመጣም።

ይህን የእኛ የኔታዎች ቀድመው ያውቁታል። የቆሎ ተማሪ የተቀበለውን ቃል ማታ በጨለማ ይቀጽላል፤ ጠዋት የኔታ ፊት ቀርቦ ያለ መጽሐፍ ይለዋል። ከተሰናከለ ይመለሳል። ቀን ደጅ ለደጅ ቀለቡን ለምኖ፣ ከውሻ ታግሎ፣ ማታ የሚቀረውን ያችን ሰዓት ለትምህርቱ ሳይሸራርፍ ይሰጣል። ስቃዩ የሊቅነቱ ምንጭ አይደለም፤ ሳይሸራርፍ የሚሰጣት ሰዓት ግን ናት።

«ጎበዞቹም ይጠቀማሉ። ምንም አልሆኑም።»

እውነትሽን ነው፣ ጎበዞቹ ብዙም አይሆኑም። የሚጎዳው ቀድሞም የደከመው ነው። የለንደን ኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተመው ጥናት በአራት የእንግሊዝ ከተሞች ስልክ የከለከሉ ትምህርት ቤቶችን ውጤት ከበፊቱ ጋር አነጻጽሯል። ከተከለከለ በኋላ የተማሪዎች ውጤት ከፍ ብሏል፤ የበለጠውን ያገኙት ቀድሞ ዝቅተኛ ውጤት የነበራቸው ናቸው። ከፍተኛ ውጤት የነበራቸው ግን በክልከላው ያን ያህል አልተጠቀሙም። እንግዲህ ክፍል ውስጥ ሰቃዩ ስልክ ሲነካ አይተሽ አብረሽው አትንኪ። እሱ ገደሉን ያሻገረው ድልድይ አለው፤ አንቺ ገና ድልድይሽን እየሠራሽ ነው።

«ፈተናው ይወጣል ተብሏል። ቻናል ገብቼ እየጠበቅኩ ነው።»

አጤሬራ ድሮም ነበር፤ ቢያንስ ጻፊው ሲጽፈው ያነበው ነበር። ግንቦት 2008 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ተበትኖ መላው ፈተና ተሰረዘ፤ በሐምሌ እንደገና ሲሰጥ ፌስቡክና ሌሎቹ አገር አቀፍ በሆነ ትእዛዝ ተዘጉ። ከዚያም በኋላ የፈተና ወረቀት ፎቶ በቴሌግራም ሲዞር ከርሟል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ተማሪው ወደ ዩኒቨርሲቲ ተወስዶ እንዲፈተን ተደረገ፤ ስልክም አብሮት አይገባም። ዛሬ በሌሊት ቻናል ላይ «ትክክለኛው ፈተና አለኝ» የሚልህ ሰው የሚፈልገው በቴሌብር የምትልክለትን ገንዘብ ነው። ብሩ የወላጆችህ ነው፤ ስትጠብቀው ያደርከው ሌሊት ደግሞ ያንተው ነው። ሁለቱም ተመላሽ የላቸውም።

«ታዲያ ያ ሁሉ ተማሪ የወደቀው በቲክቶክ ነው እንዴ?»

አይደለም። ይህን ጥያቄ ያነሳው አንድ የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። በ2015ቱ ፈተና ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከነዚያ ውስጥ መብራት ያልገባባቸው፣ ቤተ ሙከራቸው የተቆለፈ፣ መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ አንድ የሆነባቸው አሉ። በጦርነት ዓመታት ትምህርቱ የተቋረጠበት ልጅ አለ። ለዚያ ልጅ «ስልክ ነው የጣለህ» ብል አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሆንብኛል። እዚያ ጥፋቱ የእኛ የትልልቆቹ ነው፤ መጠየቅ ያለብንም እኛ ነን።

ግን መምህር፣ ጥያቄህን ገልብጬ ልመልስልህ። መጽሐፍ የሚሰጠው መንግሥት ነው፣ መምህር የሚመድበው ቢሮው ነው፣ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፍለው ወላጅ ነው። ተማሪው በራሱ እጅ ያለው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ማታ የሚቀመጥባት ሰዓት። ሁሉ ነገር የጎደለበት ልጅ የራሱን አንድ ነገር ደግሞ አሳልፎ ከሰጠ ምን ቀረው? ችግሩ ብዙ ስለሆነ ስልኩ ቀላል ነው አትበለኝ። ችግሩ ብዙ ስለሆነ ነው ስልኩ የከበደው።

«ተምሮስ ማን የት ደረሰ? ቲክቶከሩ መኪና ገዛ።»

ዲግሪ ይዘው ሥራ ያጡ ልጆች አሉ፤ ወንድምህ አንዱ መሆኑን አውቃለሁ፣ ሕመሙን አላቃልልም። ቲክቶክ ግን መኪና የገዛውን አንዱን እንጂ ቀርጾ ቀርጾ የሚያየው ያጣውን አያሳይህም፤ ስለዚህ ሁሉም የገዛ ይመስልሃል። ሌላም ልንገርህ። እሱ ሲቀርጽ ሥራ ላይ ነው፤ ሰዓቱን ሸጦ ይከፈለዋል። አንተ ስታየው የሚሸጠው ያንተ ሰዓት ነው፤ ክፍያው ግን ወደ እሱና ወደ ኩባንያው ነው የሚሄደው። መቅረጽ ከፈለግህ ካሜራውን፣ ድምፁን፣ አጻጻፉን ተማር፤ እሱም ትምህርት ነው፤ ተቀምጠህ ሐሳብ መሰብሰብን ይጠይቃል። የሰው መኪና እያየህ ግን ያንተ አይመጣም።

«እናቴ ከአረብ አገር የምትደውልልኝ በዚሁ ስልክ ነው።»

ይህን ያለኝ ልጅ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። ስልኩን የላከችለት እናቱ ናት፤ ማታ ሥራዋን ስትጨርስ በኢሞ ትደውላለች። ለዚህኛው በችኮላ አልመለስኩም። አጠገቡ ቁጭ አልኩና እንዲህ አልኩት። «የእናትህን ጥሪ ማንም አይከለክልህም፤ ስትደውል ሁሉን ትተህ አንሳ። ግን እናትህ እዚያ ሰው ቤት ቆማ የምትውለው አንተ እዚህ ተቀምጠህ እንድታጠና ነው። ስትሰናበትህ ስልኩን አብረህ ዝጋው። ከሷ ድምፅ በኋላ የሚመጣው ሌላው ሁሉ የሷ ላብ የተከፈለበት የባዳ ወሬ ነው።» ልጁ ምንም አልተናገረም። ስልኩን አጥፍቶ ደብተሩን ከፈተ።

«መምህር፣ ምን ላድርግ? ዝም የሚለው ስልክ ስሰጠው ነው።»

እህቴ፣ ልጅ ዝም አለ ማለት አደገ ማለት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሠርተሽ ደክመሽ እንደምትገቢ አውቃለሁ፤ አንቺን ለመውቀስ አልደፍርም። ግን በሁለት ዓመቱ ለማስተኛት የሰጠሽውን ስልክ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ለማስነሳት ልትነጥቂው ስትሞክሪ ይበረታብሻል። ማታ ሁላችሁም ስልካችሁን አንድ መሶብ ውስጥ ክተቱ፤ ያንቺም ከሥሩ ይሁን።

«ስንቴ ነገርኩት መሰለህ! አይሰማም እኮ።»

አንድ አባት ስለ ልጃቸው ይህን ሲሉኝ ዓይናቸው ስልካቸው ላይ ነበር፤ አንድ የኳስ ቪዲዮ ያያሉ። «ጋሼ፣» አልኳቸው፣ «ልጅ የሚሰማው በጆሮው ሳይሆን በዓይኑ ነው። እርስዎ የነገሩትን ሰምቶ ሳይሆን የሚያደርጉትን አይቶ ነው ያደገው።» ስልካቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ውጤት ሲመጣ መጮህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ጅቡ ዛሬ ማታ ቤት ውስጥ ነው ያለው።

«የቤት ሥራውን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጭኜዋለሁ፤ ከዚያ ያውርዱ።»

ይህ ለመምህራን ባልደረቦቼ ነው። ልጁን አምስት ጥያቄ እንዲያነሳ ብለን የላክነው መሸታ ቤት በር ላይ ነው። ሄዶ ጥያቄውን ብቻ ይዞ እንዲመለስ እንጠብቃለን። ሰሌዳ አለ፣ ጠመኔ አለ፣ ደብተር አለ። አምስት ጥያቄ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም። በጽሑፍ ሲገለብጠው ደግሞ ግማሹን እግረ መንገዱን ያነበዋል።

«መንግሥት ለምን አይዘጋውም?»

በ2008 ዓ.ም. ተዘግቷል፤ በ2009 ዓ.ም. ፈተና ሰሞን ኢንተርኔቱ ራሱ ተቋርጧል። ባንኩም፣ ነጋዴውም፣ ሐኪሙም አብረው ተቀጡ፤ በተከፈተ ማግስት ሁሉም ወደነበረበት ተመለሰ። ሌሎች አገሮች ከአገር ይልቅ ከክፍል ጀምረዋል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2018 እስከ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ባሉ ትምህርት ቤቶች ስልክ መጠቀምን በሕግ ከልክላለች። አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት እንዳይኖራቸው የሚያዝ ሕግ አውጥታ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች፤ ኃላፊነቱንም የጣለችው በልጁ ላይ ሳይሆን በኩባንያዎቹ ላይ ነው። የእኛም ትምህርት ቤቶች በር ላይ ተረክበው ሲወጡ የሚመልሱበት ሳጥን ቢያዘጋጁ በጀት አያስጨንቅም። ለቤታችን ግን አዋጅ አንጠብቅ። የመኝታ ቤት በር ለመዝጋት የሚኒስትሮች ምክር ቤት መሰብሰብ የለበትም።

«ታዲያ ስልኬን ልስበረው ነው የሚሉኝ?»

አይደለም። ስልክህን አትስበር፣ አትሽጥ፣ አካውንትህንም አትዝጋ። እኔ የምጠይቅህ አንድ ሰዓት ነው። ቀኑ 24 ሰዓት አለው፤ ሃያ ሦስቱን ከማንም ጋር ተነጋገርበት። አንዷን ግን ለራስህ ብቻ ያዛት። በዚያች ሰዓት ስልኩ አንተ ያለህበት ክፍል ውስጥ አይኑር። ኪስህ ውስጥም፣ ከትራስህ ሥርም አይሁን፤ ለእናትህ ስጣት ወይም ጎረቤት አስቀምጠው። አንድ ምዕራፍ ምረጥ፣ አንብብ፣ ዝጋ፣ የቀረህን በወረቀት ጻፍ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት እጅህ ይፈልገዋል፣ ልብህ ይቁነጠነጣል። ቁጭ በል። መቁነጥነጡ ያልፋል፤ የጻፍከው ይቀራል። በሳምንቱ ሰዓቷን ሁለት አድርጋት።

ያቺ 17 ሰረዝ ያሰመርኩባት ልጅ ሁለቱን ወረቀቶች ከጠረጴዛዋ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፋቸዋለች። አንዱ ላይ 2፣ ሌላው ላይ 7 ተጽፏል። ስልኩ ማታ ማታ አሁንም የሚያድረው እናቷ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉን ግን የያዘችው እሷ ራሷ ናት።

ልጆቼ፣ ደደብ አይደላችሁም። ዛሬ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡና ደብተራችሁን ክፈቱ። ነገ ስትመጡ ስንት ጥያቄ እንደሠራችሁ እጠይቃችኋለሁ።